የሐዋሳ ሸሚዝና የዋሽንግተን ፊርማ

ቴክሳስ በየዓመቱ በኦገስት ወር ለሦስት ቀናት የሽያጭ ቀረጥ እንደምታነሣ ልጅ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የጋርላንድና የሪቻርድሰን መደብሮች በሐበሻ ይጥለቀለቃሉ። እኔም በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለልጄ ሸሚዝ ልገዛ ገብቼ፣ አንገቱ ላይ የተሰፋችውን ቁራጭ ጨርቅ ባገላብጣት «በኢትዮጵያ የተሠራ» ትላለች። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። እንባዬ መጣ ብላችሁ አትሳቁብኝ። ስሟ በስንዴ ልመና ብቻ ሲነሣ የኖረች አገር ለቴክሳስ ልጅ ሸሚዝ ሰፍታ ስታለብስ ማየት ቀላል ነገር አይደለም!

ሸሚዙ ከሐዋሳ ሳይመጣ አይቀርም ብዬ ገመትኩ። ይርጋለም ያለችው አክስቴ ልጅ በዚያን ጊዜ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የስፌት መኪና ላይ ትውል ነበርና።

ሐዋሳም ይርጋለምም የሲዳማ ከተሞች ናቸው። ሲዳማ በስፋት እኛ ከምንኖርበት ከዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ ታንሳለች። በኖቬምበር 2019 ሕዝቧ ድምፅ ሰጥቶ፣ ከመቶ 98.5ቱ የራሱን ክልል መረጠ፤ በጁን 2020ም የአገሪቱ 10ኛ ክልል ሆነች። ይህችን ትንሽ ክልል ከአትላንቲክ ማዶ ካለችው አሜሪካ ጋር ያሰሯት ሁለት ገመዶች ናቸው፤ አንዱ ቡና፣ ሌላው ልብስ ስፌት።

መጀመሪያ ቡናውን እንመልከት። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ሲዳሞ የድሮው ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ ቡናው በዓለም የሚታወቀው በዚሁ ስም ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም ቀደም ብሎ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት ስም ለራሱ ለማስመዝገብ ጠይቆ ስለነበር ነገሩ ተወሳሰበ። በ2006 ኦክስፋም ዘመቻውን ሲጀምር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ለኩባንያው ደብዳቤ አጎረፈ።

እኔ በዚያው ዓመት ነው ዳላስ የገባሁት። ከምርጫ 97 ማግሥት ብዕሬን ጥዬ የተሰደድኩ ጋዜጠኛ ነበርኩ። ታዲያ ያን ጊዜ የገረመኝ ምን መሰላችሁ? ኢሕአፓ የነበረውም፣ የደርግ ወታደር የነበረውም፣ የቅንጅት ደጋፊውም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ደብዳቤ ሲፈርም አየሁ። ማመልከቻውን ያቀረበው እኛን ያሳደደን መንግሥት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። «መንግሥቱ የእነሱ ነው፤ ቡናው ግን የገበሬው ነው» አለ አንድ ታክሲ ነጂ፤ ክርክሩ በዚያ አለቀ። በጁን 2007 ስታርባክስ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀብሎ ስምምነት ፈረመ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው አይደል!

አሁን ወደ ስፌቱ እንለፍ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቻይና ተቋራጭ ተሠርቶ በ2016 ተመረቀ። 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ታቀደ። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉትን ስሞች የያዘው ፒቪኤች የተባለ የአሜሪካ ኩባንያም ገባበት። ለምን ሐዋሳን መረጡ? አንደኛው ምክንያት በ2000 ክሊንተን የፈረሙት አጎዋ የሚባለው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የአፍሪካ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር፤ ያለዚያ ግን እንደ ጨርቁ ዓይነት እስከ 32 ከመቶ ይቀረጥ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት የእህቶቻችን ጉልበት ርካሽነት ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እንዳወጡት የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ባጠኗቸው አገሮች ሁሉ ከዚህ ያነሰ አላገኙም። እኔ እዚህ ኢኮኖሚክስ ስማር «አንጻራዊ ብልጫ» ብለው ያስተማሩኝ ነገር፣ ለአክስቴ ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ማደር ማለት ነበር። ቢሆንም በእጇ የገባ የመጀመሪያው ደመወዝ ነበርና ወደደችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በኖቬምበር 2020 በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን በጦርነቱ በተፈጸመው ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ሳቢያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ አስታወቁ። በዚያው ወር ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ እገዳው ጸና።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጥሬ ቡና ከቀረጥ ነፃ የሚገባው በአጎዋ ምክንያት አልነበረምና እገዳው ቡናውን አልነካውም። መሣሪያ ላነሡትም ጄኔራሎች ደመወዛቸው አልተቋረጠም። ቅጣቱ ያረፈው በስፌት መኪና ላይ ባጎነበሱት ልጃገረዶች ላይ ነው።

እኛስ? በዚያ ሰሞን ዳላስ ለሁለት ተከፍላ ነበር። አንዱ «ጣልቃ ገብነት ይብቃ» እያለ ይሰለፋል። ሌላው ትግራይ ያለችው እናቱ ስልክም መንገድም ተዘግቶባት፣ በሕይወት መኖሯን እንኳ ሳያውቅ፣ መንግሥት ይቀጣ ይላል። በእናቱ ያልመጣበት ሰው ሊፈርድበት አይገባም። እኔም ሰልፍ ወጥቻለሁ። የትኛውን እንደወጣሁ ለዛሬው ጉዳይ አይጠቅምም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የአሜሪካ የንግድ ተወካይ ጽሕፈት ቤት ስለ አጎዋ አገሮች በየዓመቱ የሕዝብ አስተያየት ይቀበል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት፣ ኢኮኖሚክስ የተማርኩት እኔ ስለ ሐዋሳ ሴቶች አንድ መስመር አልጻፍኩም።

በ2022 የአክስቴ ልጅ ከሥራ መውጣቷን ልትነግረኝ ደወለች። «ጋሼ፣ ይኼ አጎዋ የሚሉት ሰውዬ ምን በድለነው ነው?» አለችኝ። ሰው አይደለም፣ ሕግ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ሕግ ከሆነማ ጥፋታችን ይነገረን ነበር» አለች። መልስ አጣሁ። መቶ ዶላር ላክሁላት፤ ይህም የአራት ወር ደመወዝ ያህል ነው። እሷ ግን የጠየቀችኝ ገንዘብ አልነበረም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ልክ በዓመቱ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2022 ነው። የጦርነቱ ስምምነት ቢፈረምም የኢትዮጵያ ስም ለ2025 በወጣው የአጎዋ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም።

ወገኖቼ! ቴክሳስ በአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት 38 ወንበር አላት። የብዙዎቻችን ዜግነት አሜሪካዊ ነው፤ ድምፅ አለን። በ2006 የጠላነውን መንግሥት ከገበሬው ለይተን ስላየን ቡናው ስሙን አገኘ። በ2021 ግን ጥፋተኛውንና ሠራተኛዋን የሚለይ ድምፅ ከመካከላችን አልተሰማም። ወደፊት እንዲህ ያለ ፊርማ ሊፈረም ሲል «ማንን ነው የሚመታው?» ብሎ ቀድሞ የሚጠይቅና ለእንደራሴው የሚጽፍ ሰው ከመካከላችን ይኑር። ለእኔ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ጽሑፍ ይሁንልኝ።

ሸሚዙ ለልጄ ከጠበባት ቆይቷል። ለሰው ልስጠው ብላ እናቷ ብታነሣው እኔ እምቢ አልኩ። ቁም ሣጥኔ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

ቸር ወሬ ያሰማን።