ፔኒሲሊንን ያበዛው ምንድን ነው?

ፔኒሲሊን ሲነሳ በ1928 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በለንደኑ ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ሻጋታውን ያስተዋለው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ አብሮ ይነሳል፤ ክብሩም ይገባዋል። ሆኖም ያ ሻጋታ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ የሚሰጠው ከጥቂት ዩኒት አይበልጥም ነበር፤ አንድ ዩኒት ደግሞ 0.6 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። የዚህ ማነስ ምን እንደሚያስከትል በ1941 በኦክስፎርድ ታየ። በኢንፌክሽን ክፉኛ የተጎዳ አንድ ፖሊስ መድኃኒቱ ተሰጥቶት በቀናት ውስጥ ተሻለው። ክምችቱ ሲሟጠጥ ሐኪሞቹ ፔኒሲሊኑን ከገዛ ሽንቱ እያጣሩ መልሰው ሰጡት፤ እሱም አለቀ፣ ሰውየውም ሞተ። ፔኒሲሊን በእርግጥ መድኃኒት የሆነው ምርቱ ሲበዛ ነው፤ ምርቱ የበዛውም የሻጋታው ዝርያና አመጋገቡ አብረው ሲለወጡ ነው።

ሻጋታው ፔኒሲሊን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ግሉኮስ እንደልብ ሲያገኝ በፍጥነት ያድጋል፣ ፔኒሲሊን መሥራቱን ግን ይተዋል። በዚያው በ1941 የኦክስፎርዶቹ ተመራማሪዎች ሃዋርድ ፍሎሪና ኖርማን ሂትሊ ሻጋታውን ይዘው አሜሪካ፣ ፒዮሪያ ወደሚገኘው የግብርና ምርምር ላቦራቶሪ ሲሄዱ፣ የላቦራቶሪው ተመራማሪ አንድሩ ሞየር ምግቡን ቀየረለት፦ ቀስ ብሎ የሚብላላውን የወተት ስኳር፣ ላክቶስን፣ እና የስታርች ፋብሪካዎች በቆሎ ከዘፈዘፉበት ውሃ የሚቀረውን ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ ሰጠው። ምርቱ ብዙ እጥፍ አደገ። ዛሬ ግሉኮሱ ራሱ በጥቂት በጥቂቱ እየተንጠባጠበ ይገባል፤ ሻጋታው ሳይራብም ሳይጠግብም ይቆያል። ፔኒሲሊን ጂ የተባለውን ዓይነት ለመሥራት የሚያስፈልገው ፌኒል አሴቲክ አሲድም እንዲሁ ይመጠናል፤ ካነሰ ምርቱ ይቀንሳል፣ ከበዛ ሻጋታውን ይመርዛል። የሻጋታው ክሮች ፈሳሹን ስለሚያወፍሩት ንጹሕ አየር ከታንኩ ሥር ያለማቋረጥ እየተነፋ፣ ፈሳሹም እየተማሰለ ካልሆነ ኦክስጅኑ አይዳረስም።

ዝርያውም ተለወጠ። በ1943 ከፒዮሪያ ገበያ የተገኘ፣ ካንታሎፕ የተባለ የሻገተ ፍሬ በታንክ ውስጥ ሰጥሞ ማምረት የሚችል ሻጋታ አስገኘ። ዘሩ በኤክስሬይና በአልትራቫዮሌት ጨረር እየተመታ፣ ከሺዎች መካከል የተሻለው እየተመረጠ ቀጠለ። የዛሬዎቹ የፋብሪካ ዝርያዎች በሊትር ከ50 ግራም በላይ ይሰጣሉ፤ ከፍሌሚንጉ ሻጋታ ጋር ሲነጻጸር በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል።

ይህ በጨረር እየመቱ መምረጥ በጭፍን መሞከር ነው፣ ዛሬ ጂኑን አውቆ ማረም ይቻላል የሚል ሙግት ይነሳል። ሙግቱ እውነት አለበት። ነገር ግን የተሻሻሉት ዝርያዎች ሲመረመሩ ፔኒሲሊን የሚሠሩት ጂኖች ቅጂ በዝቶ ተገኘ፤ የምርቱ እድገት ግን ከቅጂዎቹ ብዛት እጅግ ይልቃል። የሥራው የመጨረሻ ደረጃ የሚከናወንባቸው የሴሉ ክፍሎች፣ ፐርኦክሲዞሞች፣ በዝተዋል፤ የጥሬ ዕቃዎቹ የአሚኖ አሲዶች አቅርቦትም ተለውጧል። አንድ ጂን ብቻ ያረመ ሰው ይህን ሁሉ አያገኝም። ሻጋታውን ትቶ በኬሚስትሪ መሥራት አይሻልም ወይ የሚሉም አሉ። ኬሚስቱ ጆን ሺሃን በ1957 ፔኒሲሊን ቪ የተባለውን ዓይነት በላቦራቶሪ ከመነሻው ሠርቶታል፤ መንገዱ ግን ለፋብሪካ አላዋጣም፣ ፔኒሲሊን እስከ ዛሬ የሚመረተው ከሻጋታ ነው።

ስለዚህ ከአፈር ባክቴሪያ አዲስ አንቲባዮቲክ ተገኘ የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ምን ያህል ጀርም ይገድላል ከሚለው ቀጥላችሁ በሊትር ስንት ግራም ይሰጣል ብላችሁ ጠይቁ።