ለባሌ መንገደኛ የሚሆን አንቴና

ወደ ባሌ ለሚሄድ ሰው ካፖርት እንዲይዝ መምከር የተለመደ ነው። አንቴና እንዲይዝ የሚመክር ግን እስካሁን አልገጠመንም፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ለዛሬ እኛ ወስደነዋል።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያለው አንድ ባልንጀራችን ለሥራ ወደ ሮቤ ሲላክ፥ እኛም ዕረፍት ላይ ስለ ነበርን አብረን ተነሣን። አማተር ሬዲዮ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲባል በተፈቀደ ሞገድ ከሩቅ ሰው ጋር መነጋገር ነው፤ በአገራችንም ኢቲ3ኤኤ የተባለው የማኅበሩ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ባልንጀራችን ማሠራጫውን ከመዝገበ ቃላት በማይበልጥ ሣጥን ይዟል። በአንቴናው ነገር ግን ክርክር ገጠምን። እርሱ ከደመወዙ ብዙ ወር ቆጥቦ የገዛውን፥ ወርዱ አንድ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ ክብ አንቴና ይዟል። እኛ ተራ የመዳብ ሽቦ እንዲጨምር ለመንነው። «በዚህ ዘመን ሽቦ ተሸክሞ የሚዞር ማን ነው?» ብሎ ሣቀብን። ሽቦው ግን በእኛ ሻንጣ፥ በካልሲዎች መካከል ተደብቆ ገባ።

ክርክሩ ከንቱ እንዳይመስል ጥቂት ስሌት እንጨምር። አንቴና ኃይሉን በሚገባ እንዲለቅ ርዝመቱ የሞገዱ ግማሽ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ይህም በ14 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ሰው 10 ሜትር፥ በ7 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ደግሞ 20 ሜትር ያህል ነው። አጭር አንቴና የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሕግ አልሻሩትም፤ የጎደለውን ርዝመት በጥቅልል ሽቦና በካፓሲተር ያካክሱታል እንጂ። ዕዳውን የሚከፍለው ባትሪው ነው፤ ከእርሱ ከወጣው ኃይል ብዙው አየር ላይ ሳይወጣ ብረቱን ሲያሞቅ ይቀራል። 5 ዋት ብቻ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም። በሌላ በኩል 20 ሜትር ቀጭን ሽቦ ሲጠቀለል ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። በሱቅ መስኮት «ትንሽ» ተብሎ የሚታየው ዕቃ በሻንጣ ውስጥ ከሽቦው እጅግ የሚበልጥ ሥፍራ መያዙን ባልንጀራችን ሊያየው አልፈለገም።

በዶዶላ፥ በአዳባና በዲንሾ አልፈን ሮቤ በገባን ማታ ድሉ የእርሱ ሆነ። ባረፍንበት ሆቴል ዛፍ የለም፤ ጣራ ላይ ሽቦ እንዳንዘረጋም ተከለከልን። እርሱ ግን ክቡን አንቴና በረንዳ ላይ ወንበር አስደግፎ አቆመው። የጎረቤቱ አምፖል የሚያሰማው ጩኸት ጆሮ ይበሳ ነበር፤ አንቴናውን ትንሽ ቢያዞረው ጩኸቱ ጠፋና ከግሪክ አገር የሚናገር አማተር ጥርት ብሎ ተሰማ። እውነቱን መናገር ይገባናል፤ ይህን ሽቦአችን ባልቻለውም ነበር። ይሁን እንጂ ክብ አንቴና የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በ10 ዋት እንኳ በካፓሲተሩ ላይ የሚፈጠረው ቮልት ከሺህ ሊበልጥ ይችላል። የሆቴሉ ባለቤት ሕፃን ልጅ «ይህ ምንድን ነው ጋሼ?» እያለ እጁን ሲዘረጋ ባልንጀራችን እንዴት እንደ ዘለለ አንረሳውም።

በማግሥቱ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ጎባ ሄድን። ከዚያም የሰኔቲን ዳገት ጀመርን። ባልንጀራችን «ተራራ ላይ ስንወጣ ድምፃችን ይርቃል» ይል ነበር። ይህ እምነት በግማሹ ብቻ ልክ ነው። በቱሉ ዲምቱ ራስ ላይ፥ በ4377 ሜትር ከፍታ የቆመው የቴሌ ምሰሶ ከፍታው ይጠቅመዋል፤ ሞገዱ እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነውና። የአጭር ሞገድ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ወደ ላይ ወጥቶ ከአዮኖስፌር ተመልሶ ስለሚወርድ፥ የቆሙበት ተራራ ከፍታ ብዙም አይጨምርለትም። 14 ሜጋኸርዝ ብዙ ጊዜ በአዲስ አበባ ላይ ዘሎ አውሮፓ ይወርዳል። 7 ሜጋኸርዝን ቀን በቀን ዝቅ ባለ ሽቦ ወደ ሰማይ ብንለቀው ግን እንደ ካፊያ ተመልሶ በአካባቢያችን ይወርዳል፤ በመካከል ያለው ተራራ ሁሉ አያግደውም። ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ በአየር መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለዚህ ልክ ነው። ስልክ በማይደርስበት መንገድ መኪናው ቢሰበርበት፥ መንገደኛ ከግሪኩ ይልቅ የአዲስ አበባውን ወዳጅ መፈለጉ አይቀርም።

ሰኔቲ ላይ ዛፍ የለም። ጅብራ አለ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ አብቦ በሚሞት በዚህ ተክል ላይ ገመድ ማሰር ነውር ነው፤ ፓርኩም ከ2016 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሥፍራ ነው። ስለዚህ ስድስት ሜትር የሚዘረጋ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከመኪናው ጋር አሰርንና የሽቦውን መካከል በጫፉ ሰቀልነው፤ ሁለቱን ክንፎች ወደ መሬት ዝቅ አድርገን ከከባድ ሻንጣዎቻችን ጋር በሲባጎ አሰርናቸው። ባትሪው በብርድ እንዳይደክም ባልንጀራችን በካፖርቱ ውስጥ አቀፈው። (ካፖርት ያዙ የሚሉት ሰዎች ለካ ሁለት ጥቅም ያውቃሉ!)

በአዲስ አበባ አንድ ጓደኛችን በቀጠሮ ይጠብቀን ነበር። መጀመሪያ በክቡ አንቴና ጠራነው። «የሆነ ሰው እሰማለሁ፤ ቃሉ ግን አይለይም» አለ። ማሠራጫውን ሳንነካ ገመዱን ነቅለን በሽቦው ላይ ሰካነው። «አሁን ገና መጣችሁ! ነፋሱ ሳይቀር ይሰማል» አለን።

ባልንጀራችን ዝም አለ። እኛም ከሣቅ ታገሥን፤ የብዙ ወር ደመወዝ ነውና። ከዚያ ለጉዞ ያሰቡ ተማሪዎችንና ወደ ሩቅ አውራጃ የሚላኩ ወጣት ሠራተኞችን እያሰብን ሒሳቡን አብረን አወራን። ማደሪያው ከተማና ሆቴል ብቻ የሆነ ሰው ክቡን አንቴና ቢገዛ አይቆጭም። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ግን ሽቦና ዘንግ ይያዝ። የሚዘረጋ ቀጥ ያለ የብረት አንቴናም አለ፤ ለሩቅ አገር መልካም ሆኖ ሳለ ከሥሩ በመሬት ላይ የሚዘረጉ ሽቦዎች ካልተጨመሩለት ደረቅ ድንጋያማ መሬት ላይ ይሰንፋል። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃዱ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሳያውቀው ማሠራጫ መክፈት አይገባም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ከሐረና ጫካ በኩል ጥቁር ደመና ወጣ፤ ነጎድጓድም ተሰማ። በእንዲህ ያለ ገላጣ ሜዳ ላይ ዘንግ አቁሞ መቆየት መብረቅን በስሙ መጥራት ነው። ጓደኛችን ገና ስለ አየሩ እየጠየቀን ሳለ ተሰናብተነው ዘንጉን አወረድን። ሽቦውን የጠቀለለው ባልንጀራችን ነው። ጠቅልሎ ሲጨርስም የከተተው በራሱ ኪስ ነበር።