ያውቁ ኖሯል? የመቅደላ ገደል በእንጨት ላይ

የለንደን አንባቢዎች የመቅደላን አምባና ዙሪያውን ገደል በ1868 እ.ኤ.አ. ያዩት ከእንጨት ላይ በታተመ ሥዕል ነው። ያኔ ፎቶግራፍን በጋዜጣ ገጽ ላይ እንዳለ ማተም ገና አልተቻለም ነበር። ስለዚህ «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ሠዓሊውን ዊልያም ሲምፕሰንን ወደ እንግሊዝ ጦር የመቅደላ ዘመቻ ላከ። እሱ ያየውን ነድፎ ይልካል፤ ለንደን ያሉ ቀራጮች በጠንካራ እንጨት ላይ ይፈለፍሉታል።

ትልቅ ሥዕል ሲሆን እንጨቱ ከትናንሽ ቁራጮች ይገጣጠም ነበር። ቁራጮቹ ተፈትተው ለየቀራጩ ይታደላሉ፤ ሲያልቁ እንደገና ይጋጠማሉ። በአሮጌ ህትመት ላይ ሥዕሉን አቋርጣ የምታልፍ ቀጭን ነጭ መስመር ካዩ፣ መጋጠሚያዋ ናት። የተፈለፈለው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የቀረው ነው። ሥዕሉም ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይቀረጻል። ወሎን ረግጠው የማያውቁ እጆች ያንን ቋጥኝ ጭረት በጭረት ማውጣታቸው ሁሌም ያስደንቀኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ በእንጨት ቀርጾ የማተምን ሙያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተማረው ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ ነው፤ ቦታው ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ዕውቁ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው።

ቦሌ ካሉት ጋለሪዎች ወደ አንዱ ጎራ ሲሉ የእንጨት ህትመት ካገኙ፣ ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈውን ቁጥር ይፈልጉ፤ 3/20 ቢል ከ20 ቅጂዎች 3ኛው ነው።