የአባት መዝገብ

ይህን በአደባባይ ሲነገር አትሰሙትም። እኔ ግን የወንጀል መዝገቦች በተደረደሩበት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁና፣ ባልደረቦቼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩትን ልንገራችሁ። ሰው ከእስር የሚወጣባቸው በሮች ብዙ ናቸው። «ለመሆኑ አድርጎታል ወይስ አላደረገም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ጥያቄውን ይዞ የሚመጣም ሰው ጥቂት ነው። ሚስት መጥታ «መቼ ይወጣል?» ትላለች። ወንድም «ስንት ዓመት ቀረው?» ይላል። አድርጎት እንደሆነ ለማወቅ ብቻ የሚመጣው ልጅ ነው።

እኔ ዘንድ የመጣችው ልጅ ከኩሌ ናት። ኩሌ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ላይ ጦርነት ፈንድቶ በፓጋክ ድንበር በኩል የተሻገረው ሕዝብ ቴርኪዲ የተባለውን መጠለያ ሲሞላው፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኩሌ ተከፈተ። አብዛኛው ነዋሪ ኑዌር ነው፤ የሚበዛውም ሴትና ሕፃን። ልጅቷ ያኔ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የገባች ናት። ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። አባቷ በሰው መግደል ወንጀል ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ነው። ስሟንም ሆነ የአባቷን፣ ጉዳዩ የታየበትን ቦታም አልጠቅስም። የሟቹ ቤተሰብም እዚያው አገር ነው የሚኖረው፤ በዚያ ቤትም ልጆች አሉ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?» አለችኝ። እናቷና አንዲት የሕግ ድጋፍ ሠራተኛ አብረዋት ነበሩ፤ አባትየው ከማረሚያ ቤት ሆኖ የሰጠውን ውክልና ይዘዋል። ይህችን ውክልና ልብ በሉልኝ። ብዙ ቤተሰብ ሳያውቃት በየመስኮቱ ሲመላለስ ይከርማል። ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው፤ የመዝገብ ግልባጭ ግን የሚሰጠው ለባለጉዳዩ ወይም ለወኪሉ ነው። የመዝገብ ቁጥሩን የማያውቅ ደግሞ ውክልናም ይዞ ይንከራተታል። ቁጥሩ እስረኛው ማረሚያ ቤት ሲገባ በመጣበት ማዘዣ ላይ ተጽፏል፤ ጠይቆ መገልበጥ ነው።

ለልጅቷ የተነገራት ነገር ከዓመት ዓመት ይለያያል። ትንሽ ሳለች «አዲስ አበባ ሥራ ሄዷል» አሏት። በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ የተጣላት ልጅ «የነፍሰ ገዳይ ልጅ» ብሎ ሰደባት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን መጨረሻ የሰማችው እሷ ሆነች። አጎቷ «አባትሽ ንጹሕ ነው፤ የገባው ሌሎች ባጠፉት ነው» ይላታል። እናቷ ምንም አትልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅ መብት አለው ይላል። እኔ ይህን አንቀጽ የማነበው የአባትን ስም ከማወቅ አልፎ ነው። አባቷ ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ የማታውቅ ልጅ አባቷን ታውቃለች ማለት ይከብደኛል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በእንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ጠበቃውም መጀመሪያ የሚያገላብጡት ተከሳሹ ፖሊስ ጣቢያ የሰጠውን ቃል ነው። የአባቷ ቃል ከሦስት ገጽ አይበልጥም፤ በሰማያዊ እስክሪፕቶ በእጅ የተጻፈ ነው። የጋምቤላ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ የተጻፈውም በአማርኛ ነው። መጨረሻው ላይ፣ በየመዝገቡ እንደምናየው፣ የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ትክክል ስለሆነ ፈርሜያለሁ የሚል መስመር አለ። ከሥሩ ቀለሙ የፈሰሰ የአውራ ጣት አሻራ ተቀምጧል። አባትየው ማንበብ አይችልም፤ አማርኛም አይሰማም። የተነበበለት በምን ቋንቋ ነው? ማን አነበበለት? የአስተርጓሚ ስምም ፊርማም በገጹ ላይ የለም።

እንግዲህ ሹክ የምላችሁ አንዱ ነገር ይህ ነው። ችሎት ላይ አስተርጓሚ ይቀርባል፤ ይምላል፤ ስሙ ይመዘገባል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድ ተከሳሽ መንግሥት በራሱ ወጪ ያስተረጉምለታል ይላል። የተከሳሹ ዕጣ የሚወሰነው ግን ከዚያ በፊት፣ ጣቢያ ውስጥ፣ በዚያ ሰዓት የተገኘ ኑዌርኛ የሚችል ሰው ሲያስተረጉም ነው። ሰውየው ሚሊሻ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪም ሊሆን ይችላል። ከጋጃክ ይሁን ከጋጆክ ወይም ከሉ ወገን ማንም አይጠይቅም፤ ለኑዌሩ ግን ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከባላንጣ ወገን የሆነ ሰው ቃሉን ሲያስተላልፍለት ፊቱን አይቶ ዝም የሚል ተከሳሽ አለ፤ ዝምታውም እንደ ማመን ተቆጥሮ ይጻፋል።

ከቋንቋው የከበደ ደግሞ ሌላ አለ። በኑዌር ልማድ ሰው ሲሞት ደሙ የሚጠየቀው ከገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ከወገኑ ሁሉ ነው። ወገኑ ከብት ያዋጣል፤ ከብቱ ለሟች ወገን ይሰጣል። ከዚያም ላይ በሟቹ ስም ሚስት ትታጭለትና ልጆቿ በእሱ ስም ይጠራሉ። የነብር ቆዳ የሚለብሰው ሽማግሌ መካከል ገብቶ ደሙን ያበርዳል። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኑዌሮች መካከል ተቀምጦ ካጠናቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ዛሬም በኢታንግና በላሬ አካባቢ ሽማግሌዎች ደም የሚያደርቁት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የኑዌር አባት ፖሊስ ፊት ቀርቦ «ሰው ሞቷል፤ እኛ ነን፤ እንከፍላለን» ሊል ይችላል። ይህን ሲል ስለ ወገኑ ነው የሚናገረው። ወረቀቱ ላይ ሲሰፍር ግን «እኔ ነኝ የገደልኩት» ይሆናል።

የአባቷ መዝገብ ውስጥም የእርቅ ሰነድ ተያይዟል። የአባትየው ቤተሰብ ከብት መክፈሉን ሽማግሌዎች ፈርመውበታል። ዐቃቤ ሕጉ ይህን እንደ ማስረጃ ጠቅሶታል፤ ባያደርገው ኖሮ ለምን ይከፍላሉ ብሎ። ለሕግ ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። ለኑዌር ሽማግሌ ደግሞ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ነው፤ ከብቱ የሚከፈለው ደም ደምን እንዳይጠራ ነውና። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። መካከል ላይ ተጠፍሮ የተቀመጠው አባትየው ነው።

አሁን ስለ በሮቹ። የተፈረደበት ሰው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ማስታወቅ፣ ግልባጩ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ቀኑ በራሱ ጥፋት ካላለፈ አንቀጽ 191 ፈቃድ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። እውነቱን የሚያወጣው በር ይህ ነው። አማርኛ የማያነብ፣ ተከላካይ ጠበቃውን ያየው ችሎት ላይ ብቻ የሆነ እስረኛ ግን 15 ቀን ምን እንደሆነ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። የሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው የሚመለከተው፤ ምስክሩ ዋሽቷል፣ አልዋሸም ወደሚለው አይገባም። ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ አዲስ ማስረጃ ቢገኝስ? የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 6 ዳግመኛ የሚታይበትን መንገድ አስቀምጧል። የመሬት ክርክር የተሸነፈ ሰው ተደብቆበት የነበረ ሰነድ ቢያገኝ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይህን የሚመስል አንቀጽ የለውም። ለቦታ የተፈቀደው ለነፍስ አልተፈቀደም። በመዝገብ ቤት ኑሮዬ ከዚህ የበለጠ ያስቆጣኝ ነገር የለም።

የቀሩት በሮች ሰውየውን ያወጣሉ፤ እውነቱን ግን እስር ቤት ትተውት ይወጣሉ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 አመክሮ ሁለት ሦስተኛውን ለጨረሰ፣ ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ለታሰረ ይሰጣል፤ የጎዳውን መካሱም ይታያል። አላደረግሁም የሚለው ሰው ካሳ ሲከፍል ምን እያለ ነው የሚከፍለው? ይቅርታም እንዲሁ ነው፤ የጠያቂው መጸጸት ይመረመራል። ብርቱካን ሚደቅሳን አስታውሱ። ዳኛ የነበረች፣ ሕጉን ከማናችንም በላይ የምታውቅ ሴት ናት። በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ከተቃዋሚው ከቅንጅት መሪዎች ጋር በይቅርታ ወጣች፤ ስለዚያ ይቅርታ አጠያየቅ በውጭ አገር በተናገረችው የተነሣ ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተመልሳ ዕድሜ ልክ ገባች። የወጣችው መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. በሌላ ይቅርታ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአያቷ ጋር እየተመላለሰች እናቷን የምትጠይቅ ትንሽ ሴት ልጅ ነበረቻት። ከይቅርታው ወረቀት ላይ ያቺ ልጅ ስለ እናቷ ምን ታነባለች?

ወደ ጋምቤላም ብንመጣ ያው ነው። ፓስተር ኦሞት አግዋ የዓለም ባንክ መርማሪ ቡድን በ2006 ዓ.ም. ወደ ክልሉ ሲመጣ ያስተረጎመ ሰው ነው። መጋቢት 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ተይዞ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሰ፤ በ2010 ዓ.ም. ወጣ፣ ክሱም ተቋረጠ። የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበረው ኦኬሎ አኳይ መጋቢት 2006 ከጁባ ተወስዶ መጣ፤ ሚያዝያ 2008 ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት፤ የካቲት 2010 ተለቀቀ። ሁለቱም ቤታቸው ገቡ፤ እሰየው። ነገር ግን ክስ ማቋረጥም ሆነ መልቀቅ ነጻ ነህ የሚል ፍርድ አይደለም። ፋይሉ ይዘጋል፤ በውስጡ የተጻፈው እንደተጻፈ ይቀራል።

እውነት ከወረቀት ሲወጣ ያየነው ሩቅ አገር ነው። ጁሴፔ ኮንሎን የተባለ የቤልፋስት ሰው ልጁ በእንግሊዟ የጊልፎርድ ከተማ ፍንዳታ ተጠርጥሮ ሲያዝ ሊረዳው ለንደን ሄዶ ራሱ ተፈረደበት፤ እ.ኤ.አ. በ1980 እስረኛ እንደሆነ ሞተ። ልጁ ጄሪ በ1989 ነጻ የወጣው የፖሊስ የምርመራ ማስታወሻዎች ሲመረመሩ ያኔውኑ የተጻፉ ሳይሆኑ ኋላ የተስተካከሉ መሆናቸው ስለታየ ነው። የአባቱ ፍርድ የተሻረው ደግሞ በ1991፣ ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ማስታወሻዎቹን ማንም አላቃጠላቸውም ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀት ከጠፋ የልጅ ጥያቄ ማረፊያ የለውም።

ለዚህ ነው ኩሌ ላሉ ቤተሰቦች ቶሎ በሉ የምለው። እዚህ ምስክር አይቆይም። አንዱ ደቡብ ሱዳን ወደ ናስር ተመልሷል፤ ሌላው በሠፈራ ፕሮግራም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ወይም ኦማሃ ገብቷል፤ ሌላው ኬንያ፣ ካኩማ ነው። በአባቷ መዝገብ ውስጥ ፍርዱ የቆመው በጣቢያው ቃልና ጨለማ ላይ አይቻለሁ ባለ አንድ ምስክር ላይ ነው። ያ ምስክር ዛሬ አሜሪካ ነው። ሌላ ምስክር ተጠርቶ ነበር፤ ሳይገኝ ቀርቶ ታልፏል። የት እንዳለ አጎቷ ያውቃል። ይህን ሁሉ ገጽ በገጽ ስናነብላት የሕግ ድጋፍ ሠራተኛዋ ወደ ኑዌርኛ እየተረጎመችላት፣ ልጅቷ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር። አላለቀሰችም። መዝገቡ አባቷን ንጹሕ ነው አላላትም፤ ጥፋተኛ መሆኑን የሚያሳምንም አላገኘችበትም። ጥፋተኛ ያሰኘው በምን እንደሆነ ግን አሁን ታውቃለች፤ አንድ የጣት አሻራ፣ አንድ የሌሊት ምስክር፣ አንድ የእርቅ ወረቀት።

አሁን ቤተሰቡ መካከል ሌላ ወረቀት አለ። አጎቷ የይቅርታ ማመልከቻ አስጽፏል። ተጸጽቻለሁ ይላል፤ አባትየው አሻራውን እንዲያኖርበት ብቻ ነው የቀረው። እናትየው ትስማማለች፤ ቤቱ አባወራ ይፈልጋል፤ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። ልጅቷ ግን ማመልከቻውን አስነብባ ሰምታ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ አሻራውን ካኖረ አድርጎታል ማለት ነው?» አለችኝ። «አይደለም ልጄ፣ ወደ ቤቱ መምጣት ይፈልጋል ማለት ነው» አልኳት። አልጠገበችበትም፤ እኔም አልፈርድባትም። ያቀደችው እንዲህ ነው። ከመጠለያው የማለፊያ ፈቃድ ወጥቶላት፣ እሑድ የጥየቃ ቀን፣ አጎቷ ሳይኖር አባቷን ታገኘዋለች። መጀመሪያ ለእሷ ይንገራት፤ ከዚያ ይፈርም።