ጽሑፋችን ገጽ አልሆን ሲል

ከነጌሌ ቦረና፣ ከያቤሎ ወይም ከሞያሌ መጥቶ ስለ አገሩ ታሪክ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ሦስት ቋንቋ በአንድ ገጽ ላይ ሊያገናኝ ይችላል። ሐተታው በእንግሊዝኛ፣ ሽማግሌዎች የነገሩት ቃል በአፋን ኦሮሞ፣ ከመዝገብ ቤት የተገለበጠው ደብዳቤ ደግሞ በአማርኛ ነው። ይህንኑ በላቴክ ሊያዘጋጅ ተነሥቶ በኤዲተሩ ላይ ያለውን የማጠናቀሪያ ቁልፍ ሲጫን፣ ገጹ በመውጣት ፈንታ ቀይ መስመር ይደረደርበታል። የማስረከቢያው ቀን በቀረበ ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ችግሩ በሥርዓት ከተፈለገ ይገኛል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ቴክስቱዲዮም ሆነ ቴክወርክስ ገጹን ራሱ አለመሥራቱ ነው። ቁልፉ ሲጫን ኤዲተሩ ሌላ ፕሮግራም ይጠራል፤ ያም ፋይሉን አንብቦ፣ ቅርጸ ፊደሉን ፈልጎ፣ ገጹን ያወጣል። በቦረና ጥልቅ የቱላ ጕድጓዶች ውኃ ቀጂዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ውኃው ሳይወጣ ቢቀር፣ በአፉ ላይ የቆመውን ሰው መቈጣት አይጠቅምም፤ ቅብብሎሹ የተቋረጠበትን ቦታ መፈለግ ይገባል። የኛም ሥራ እንዲሁ ነው።

አንደኛ፤ ኤዲተሩ የሚጠራው የትኛውን ፕሮግራም እንደ ሆነ እንይ። ካልለወጥነው በቀር ብዙውን ጊዜ ፒዲኤፍላቴክን ይጠራል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ ያለ ችግር ያልፋል፤ የግዕዝ ፊደል ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ «ይህን አላውቀውም» ብሎ ይቆማል። ምክንያቱም መሠረቱ የሆነው ቴክ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ ለፊደላችን የተወሰነ የኮምፒዩተር ቁጥር አልነበረም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዩኒኮድን በቀጥታ የሚያነበው ዚቴክ ደግሞ በ2004 ወጣ። ስለዚህ በኤዲተሩ ማስተካከያ ገብተን ዚላቴክን ወይም ሉዋላቴክን እንምረጥ።

ሁለተኛ፤ የግዕዝ ፊደል ያለበትን ቅርጸ ፊደል፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን፣ በፋይሉ መግቢያ በስሙ እንጥራ። ይህ ካልተደረገ የባሰ ነገር ይመጣል፤ ሥራው ያለ ስሕተት የተፈጸመ መስሎ ገጹ ይወጣል፣ የአማርኛው ቦታ ግን ባዶ ይሆናል። ፕሮግራሙ የጐደሉትን ፊደሎች እንደ ስሕተት ሳይቈጥር በሥራ መዝገቡ ውስጥ ያሰፍራቸዋል። መዝገቡን ሳያነብ ያስረከበ ሰው ጉድለቱን የሚሰማው ከመምህሩ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ስሕተቶች ሲበዙ የመጀመሪያውን ብቻ እናርም፤ ከዚያም እንደ ገና እናጠናቅር። አንድ ሳይዘጋ የቀረ ቅንፍ ብቻውን ብዙ ስሕተት ይወልዳልና። የሚጠቀሰውም የመስመር ቁጥር ፕሮግራሙ የደናገረበት ነው እንጂ ጥፋቱ የተሠራበት ላይሆን ስለሚችል ከዚያ በላይ ያሉትንም መስመሮች እንመርምር።

አራተኛ፤ ኤዲተሩ የፈዘዘ በመሰለ ጊዜ ምናልባት የጐደለ ጥቅል ከኢንተርኔት እየጠበቀ ይሆናል። ሚክቴክ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። ኔትዎርክ በማይረጋበት ከተማ የሚሠራ ሰው ሙሉውን ቴክ ላይቭ አስቀድሞ በፍላሽ ቢያስመጣ ይሻለዋል። ደግሞም በዊንዶውስ ላይ የቀድሞው ፒዲኤፍ በአክሮባት ተከፍቶ እንደ ሆነ አዲሱ ሊጻፍበት አይችልምና መዝጋት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ፋይሉን ከኤዲተሩ ውጭ በትእዛዝ መስኮት በዚያው ፕሮግራም እናጠናቅር። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የኤዲተሩ አሰላለፍ ነው። ካልሠራ የጽሑፉን ቅጂ በግማሽ ከፍለን እያንዳንዱን ለብቻው እንሞክር፤ የተበላሸውንም ግማሽ እንደ ገና እንክፈል። በጥቂት ሙከራ ጥፋተኛው መስመር ይያዛል።

እንግዲህ ቁልፉ እምቢ አለ ብሎ አማርኛውን ደብዳቤ ከጽሑፉ አውጥቶ መጣል፣ ወይም በላቲን ፊደል መገልበጥ አያስፈልግም። ደብዳቤው የጥናቱ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃም በተጻፈበት ፊደል ሲቀርብ ይታመናል። ይህን ያወቀ ተማሪ አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው ያሳየው።