ጠገራ ብርን ስለ መመርመር

በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የዳሞት ገጠር፥ ከእናት ለልጅ ሲተላለፍ ኖሮ ዛሬም በሙዳይ ውስጥ በጨርቅ ተቋጥሮ የሚቀመጠው ጠገራ ብር፥ ለአንጥረኛ የሚቀልጥ ማዕድን፥ ለመርማሪ ግን ያለፈው ዘመን የታመነ ምስክር ነው።

ይህ ብር በአንድ ገጹ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ፥ በሌላው ገጹ ባለ ሁለት ራስ ንስር የተቀረጸበት ሲሆን፥ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ ከሺህ እጅ 833ቱም ንጹሕ ብር ነው፤ ነጋዴዎቻችንም አሞሌ ጨውን ለዝርዝር፥ ይህን ለትልቁ ግብይት ሲይዙት፥ የብርና የወርቅ መመዘኛ የሆነውን ወቄት በእርሱ ክብደት ልክ አድርገውታል።

እምቅድመ ኵሉ ግን መርማሪው ከአንድ ስሕተት ይጠበቅ። በብሩ ላይ የሚነበበው 1780 ንግሥቲቱ ያረፈችበት የአውሮጳ ዓመት እንጂ ብሩ የተመታበት ዘመን አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ በቪየና፥ ኋላም በሮማ፥ በለንደንና በቦምባይ ቁጥሩ ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯልና። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገሠግሡ ግመሎች ጭነው የመጡት ብርም ይኸው ዓይነት ነበር፤ ስለዚህ በአንድ የቡሬ ሙዳይ የተገኘ ጠገራ 1780 የሚል ቢሆንም ዕድሜው ከዚያ ዘመቻ ዘመን የማያልፍ ሊሆን ይችላል።

ገበያተኛው ጠገራን በድንጋይ ላይ ጥሎ የድምፁን ጥራት ያዳምጥ፥ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻዋ ላይ የተደረደሩትን ዕንቁዎች አጥርተው መታየታቸውን ይመለከት፥ በጠርዙ ዙሪያ ጐልተው የወጡትን ፊደላት በጣቱ ይዳስስ ነበር፤ ዕንቁዎቹ የጠፉበትን ብር ከቶ አይቀበልም ነበር። ሰብሳቢም በዚሁ መንገድ ይሂድ፥ ሚዛንንም ይጨምርበት።

ዳግማዊ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ ያስመቱት፥ በአንድ ወገን የራሳቸው መልክ፥ በሌላው ወገን ሞዓ አንበሳ ያለበት ብር፥ ሕዝቡ የለመደውን ማርያ ቴሬዛን ስለ መረጠ በገበያ እንደርሱ አልተስፋፋም፤ ዛሬ በሰብሳቢ ዘንድ ከጠገራው አብልጦ የሚፈለግበትም አንዱ ምክንያት ቍጥሩ ማነሱ ነው። የመንግሥት አዲስ ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላም ብዙው ጠገራ በአንጥረኛ እጅ መስቀልና ድሪ ሆኖ ቀረ።

የብር ጥቁረት በዘመናት ብዛት የለበሰው ልብሱ ነውና፥ ያጠራሁት መስሎት በአመድና በሎሚ የሚፈትግ ሰው ቅርጹን ይሰርዛል፥ ዋጋውንም ይቀንሳል፤ በጌጥነት ተበስቶ ወይም ጆሮ ተበይዶለት የኖረውም ለሰብሳቢ እንደ ሙሉው አይቈጠርም፥ ለቤተ ሰቡ ግን ያው የአያት አደራ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በሙዳይህ ያለውን ጠገራ ወደ አንጥረኛ ከመውሰድህ በፊት በብርሃን ፊት አገላብጠህ አንብበው፥ ማን እንደ ሰጠህና ከየት እንደ መጣም በወረቀት ጽፈህ ከእርሱ ጋር አኑረው፤ የቀለጠ ብር ታሪኩን አይመልስምና።