ፍርሃት የሚሸጥበት ቤት

ሰው ገንዘብ ከፍሎና ወረፋ ጠብቆ፣ ወዶና ፈቅዶ ሊፈራ የሚገባበት ቤት አለ። ውስጡ ጨለማ ነው። መተላለፊያው ጠባብና ጠመዝማዛ ሲሆን በየማጠፊያው ፊቱን የሬሳ ያስመሰለ ተዋናይ አድፍጦ ይጠብቃል። ጎብኚው ሲጮኽ፣ ሲስቅ፣ የጓደኛውን ክንድ ጨምድዶ ሲይዝ ቆይቶ በሌላ በር ይወጣል። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ቤት በአብዛኛው የሚከፈተው በፈረንጆች ኦክቶበር ማብቂያ በሚከበረው የሃሎዊን በዓል ሰሞን ብቻ ነው። ጥቂቶች ግን ዓመቱን ሙሉ በራቸው አይዘጋም፤ ልጅ የማያስገቡ፣ ለአዋቂ ብቻ የተሰናዱም አሉ።

ለሀገራችን አንባቢ ቤቱ እንግዳ ነው፤ ስሜቱ ግን የቆየ ዘመድ ነው። «ቀትር ላይ ብቻህን ወንዝ አትውረድ፣ አመድ መድፊያ ላይ አትቁም» እየተባለ ያላደገ ማን አለ? ማታ እሳት ዳር አያት ስለ ጋኔን ወይም ሰው መስሎ ስለመጣ ጅብ ሲያወሩ ልጅ ይንቀጠቀጣል፤ ጨርሰው ዝም ሲሉ ደግሞ «አያ፣ ይድገሙልኝ» ይላል። እንዲደገምለት የሚደፍረው በእናቱ ጋቢ ውስጥ ተሸጉጦ ስለሆነ ነው። የፍርሃት ቤትም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ፍርሃት ጨዋታ የሚሆነው አደራ የሚጠብቅ ሰው አጠገብ ሲኖር ብቻ ነው። የዚህ ቤት ታሪክ፣ አሠራሩም ሆነ አደጋው የአደራው ታሪክ ነው።

ከፋኖስ የተወለደ ሥራ

ሥራውን የጀመሩት የብርሃንን ጠባይ ያጠኑ ሰዎች ናቸው። ኤቲየን ጋስፓር ሮበር የሚባል የሊዬዥ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1799 ፓሪስ ውስጥ መነኮሳት በለቀቁት የካፑቺን ገዳም የሙታን ትርኢት ከፈተ። መሣሪያው ጎማ የተገጠመለት የሥዕል ፋኖስ ነበር። ፋኖሱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሥዕል ይጥላል፤ ወደ ኋላ ሲስቡት ሥዕሉ እያደገ ስለሚሄድ በጨለማ ለተቀመጠው ተመልካች የሞተው ሰው እየሮጠ የመጣበት ይመስለዋል። ጊሎቲን የብዙ ሰው አንገት የቀላበት የፈረንሣይ አብዮት ዘመን ገና ማለፉ ነበርና ሞት ለዚያ ተመልካች ሩቅ ወሬ አልነበረም።

ያንኑ አብዮት ያየችው ማሪ ቱሶ በ1802 የሰም ምስሎቿን ይዛ እንግሊዝ ገባች። በ1835 ለንደን ቤከር ስትሪት ላይ ቋሚ ማሳያ ስታቆም የነፍሰ ገዳዮችንና የተቀሉ ሰዎችን ምስል ለብቻው ክፍል ሰጠችው። ያ ክፍል ከበዓል ሰሞን ውጭም ሰው ከፍሎ የሚገባበት ሆነ። በ1862 የገና ዋዜማ ደግሞ ጆን ሄንሪ ፔፐር፣ ሄንሪ ዲርክስ ባፈለቀው ሐሳብ ተመርቶ፣ ለንደን ውስጥ መድረክ ላይ መንፈስ አስነሣ። ዘዴው ቀላል ነው። በመድረኩና በተመልካቹ መካከል ሰፊ ንጹሕ መስታወት ዘንበል ተደርጎ ይቆማል። ከመድረኩ ሥር፣ ተመልካች በማያየው ጉድጓድ፣ አንድ ተዋናይ ብርቱ ብርሃን ይበራበታል። ምስሉ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ተመልካቹ ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ ሙት መድረክ ላይ ቆሞ ያያል፤ ብርሃኑን ሲቀንሱት ሙቱ ይሟሟል። ዲዝኒላንድ ነሐሴ 9 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የከፈተው ታዋቂው የመናፍስት ቤት ዛሬም በትልቁ አዳራሹ ሙታንን የሚያስጨፍረው በዚሁ የመስታወት ዘዴ ነው።

በእግር የሚዞሩበት የመናፍስት ቤት ከቆዩት አንዱ በ1915 ኦርተን ኤንድ ስፑነር የተባለ ኩባንያ በእንግሊዝ የሠራው ነው፤ በእንፋሎት ኃይል ይሠራ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተስፋፋው በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ነው። በሃሎዊን ማታ ወጣቶች ንብረት እያበላሹ ሲያስቸግሩ ወላጆች ተመካከሩና የየቤታቸውን ምድር ቤት አጨልመው የሚያስፈራ ጉዞ አዘጋጁላቸው። በ1970ዎቹ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ገንዘብ ማሰባሰቢያ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ።

ከግድግዳው ጀርባ

ጎብኚ በጨለማ የጠፋ ይመስለዋል እንጂ እያንዳንዱ እርምጃው የተለካ ነው። ሰው የሚገባው በትንንሽ ቡድን፣ በመካከሉ የደቂቃዎች ክፍተት እየተጠበቀ ነው። ቡድኖቹ ከተደራረቡ ኋለኛው የፊተኛውን ጩኸት ሰምቶ የሚመጣበትን ያውቃል። ተዋናዩ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ሰው ከሚያይበት አቅጣጫ አይደለም። በግራ በኩል አንድ አሻንጉሊት ሬሳ መብራት ይበራበታል፤ ዓይን ወደዚያ ሲሄድ በቀኝ ያለው ትንሽ መስኮት በድንገት ይወርድና ተዋናዩ ብቅ ይላል። የሙያው አንድ ሕግ ደግሞ «ወደ ፊት አስፈራ» የሚል ነው። የደነገጠ ሰው ስለሚሮጥ መሮጥ ያለበት ወደ መውጫው ነው፤ ወደ ኋላ ካስሮጡት ከሚከተለው ቡድን ጋር ይጋጫል።

ማሽኖቹም አሉ። በታመቀ አየር የሚሠሩ ክንዶች አሻንጉሊቱን በአንድ ቅጽበት ያስፈነጥሩታል። የጭስ ማሽን ፈሳሽ አሙቆ ጉም ያወጣል። ቶሎ ቶሎ የሚበራና የሚጠፋ መብራት የተዋናዩን እንቅስቃሴ ይቆራርጠዋል፤ እዚያ የነበረው ሰው ሲራመድ ሳይታይ አፍንጫ ሥር ይገኛል። ከሁሉ የሚገርመው የሚሽከረከረው ዋሻ ነው። ድልድዩ ፈጽሞ አይነቃነቅም፤ ዙሪያውን ያለው ቀለም የተቀባ ሲሊንደር ብቻ ይዞራል። ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «ቆመሃል» ሲል ዓይን «ወደቅህ» ይላል፤ አንጎል ዓይንን ያምንና ጎልማሳው ሰው የድልድዩን መደገፊያ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል።

ለአዋቂ፣ ዓመቱን ሙሉ

ካናዳ ውስጥ በናያግራ ፏፏቴ አጠገብ ያለው «ናይትሜርስ ፊር ፋክተሪ» ዓመቱን ሙሉ ክፍት ከሆኑት አንዱ ነው። ጎብኚ መጨረስ ካቃተው አንድ የተነገረውን ቃል ጮኾ ይጠራል፤ ሠራተኛ መጥቶ ያወጣዋል። አቋርጠው የወጡት ይቆጠራሉ፤ በድንጋጤያቸው ቅጽበት የተነሡት ፎቶግራፍም በዓለም ዙሪያ ታይቷል። በ1974 የተከፈተው የለንደን ደንጀን ደግሞ ወረርሽኝን፣ ስቅላትንና ነፍሰ ገዳዮችን እያነሣ የከተማዋን ክፉ ዘመን በተዋናዮች ያሳያል። በጃፓን ፉጂ ኪው ሃይላንድ በተባለው መናፈሻ የተሠራው የተተወ ሆስፒታል 900 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጃፓኖች የመናፍስት ቤትን የበጋ መዝናኛ አድርገው ይዘውታል፤ የሚያንቀጠቅጥ ፍርሃት በሙቀት የተቃጠለን ገላ ያቀዘቅዛል ይላሉ።

ለአዋቂ ብቻ የሆነው ዓይነት በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ስኬርሃውስ በተባለው ቤት ምድር ክፍል ታይቷል። በተለመደው ቤት ተዋናይ ጎብኚን አይነካም፤ እዚያ ግን ይነካ ነበር። ስለዚህ የሚገባው ሰው ዕድሜው 18 የሞላ መሆን ነበረበት፤ የሚደርስበትን አውቆ መፍቀዱን በፊርማ ያረጋግጥ ነበር፤ በቃኝ ባለ ጊዜም ሁሉም ነገር ይቆም ነበር። ፍርሃቱ በበረታ ቁጥር ውሉም እየጠበቀ መሄዱን ልብ ይሏል።

ማርጊ ከር የተባለች የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር በዚሁ ክፍል 262 ጎብኚዎችን አጥንታለች። ብዙዎቹ ሲወጡ ከመግባታቸው በፊት ከነበሩበት የተሻለ ስሜት ነበራቸው፤ በተለይ ደክሟቸው፣ ተሰላችተው ወይም ተጨንቀው የገቡት። የዴንማርክ ተመራማሪዎችም በቫይለ ከተማ ባለ የፍርሃት ቤት 110 ጎብኚዎችን የልብ ምት መለኪያ አስረው አስገቡና በ2020 ውጤቱን አሳተሙ። ደስታ የሚገኘው ከመካከለኛው ፍርሃት ሆነ። ከመጠን ያነሰው ያሰለቻል፤ ከመጠን ያለፈው ያሠቃያል። ምክንያቱ ከገላችን ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን ደሙ ውስጥ ይረጫል፣ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። አእምሮው «ምንም አልሆንክም» ብሎ ሲያረጋግጥለት ያ ሁሉ ኃይል ወደ ሳቅና ወደ እፎይታ ይለወጣል። ማረጋገጫው ከሌለ ግን የሚለወጥ ነገር የለም፤ የሚተርፈው ሥቃይ ነው።

አደራው የተበላበት ቀን

ግንቦት 11 ቀን 1984 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርዚ በሚገኘው ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር መናፈሻ «የመናፍስት ግንብ» የተባለው ቤት ተቃጠለ። የተሠራው ተጎታች ተሽከርካሪዎችን በማገጣጠም ነበር፤ ውስጡ ቶሎ የሚነድ ስፖንጅ ነበረበት፤ እሳት ሲነሣ በራሱ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም። በጨለማው መንገዱን ለማየት የተለኮሰ የሲጋራ መለኮሻ ስፖንጁን እንዳቀጣጠለው ተነግሯል። ስምንት ወጣቶች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የእሳት ደንቦች እንዲህ ያሉትን ቤቶች ለይተው ያዙ፤ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ፣ የጭስ ጠቋሚ፣ አደጋ ሲደርስ ጨለማውን የሚገፍ መብራትና በግልጽ የሚታይ መውጫ ግዴታ ሆኑ። የፍርሃት ቤት የሚመዘነው በጭራቁ ሳይሆን በመውጫ በሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የእኛው ምሽት፣ በሐረር

በሀገራችን ለዚህ ነገር የቅርብ ዘመድ ሐረር አለ። ከጁገል ግንብ ውጭ በየምሽቱ የጅብ ባለሙያው ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል፤ እነሱም ከጨለማው ይወጣሉ። ጎብኚው ከፍሎ ይገባና ሥጋ የተንጠለጠለበትን አጭር እንጨት በእጁ፣ ሲደፍር በጥርሱ ይዞ አጥንት የሚሰባብረውን አውሬ ከፊቱ ያበላል። እዚህ የአሻንጉሊት ጭራቅ የለም፤ ጥርሱ እውነተኛ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያበሉ የኖሩት ዩሱፍ ሙሜ ሥራውን ለልጃቸው ለአባስ አስተላልፈዋል። ጎብኚው ጅቡን አምኖ አይጠጋም፤ የሚያምነው ባለሙያውን ነው። ከትርኢቱ ሥር ደግሞ የቆየ ባህል አለ። በአሹራ በዓል ለጅቦች በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርባል፤ ጅብ ወደ ከተማዋ ሲገባ ጂን ይበላል ተብሎም ይታመናል። ሌላው ሀገር መንፈስ የሚያስፈራበትን ቤት ሲሠራ፣ ሐረር መንፈስን ራሱን ከሚያስፈራ አውሬ ጋር ተስማምታ ትኖራለች።

ማን አይግባ?

የልብ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ብልጭ ድርግም በሚል መብራት የሚጥል በሽታ የሚነሣበት ሰው እንዳይገባ የፍርሃት ቤቶች በራቸው ላይ ያስጠነቅቃሉ። እኔ አንድ እጨምራለሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያና መርሳ ከተሞች ሲገባ ብዙ ሰው በሌሊት በር ሲንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ በገላው አውቆታል። ያ ፍርሃት መውጫ በር አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ባሕር ማዶ ዘመድ ዘንድ ሄዶ «ና፣ ለጨዋታ እንፍራ» ሲባል እምቢ ቢል ፈሪ አይባልም። ጋባዡም አስቀድሞ ውስጡ ያለውን ሊነግረውና እምቢታውን ሊያከብር ይገባል።

ይሁንና አንድ ቀን የወልዲያ ወይም የመርሳ ወጣቶች እንዲህ ያለ ቤት ለመሥራት ቢያስቡ ደስ ይለኛል፤ ተረቱም ተራኪውም ሞልቶናል። የቡዳን ነገር ግን ይተውት። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በቡዳነት ማማት ጎረቤትን ከማኅበርና ከጋብቻ ሲያገልል የኖረ በደል ነው፤ በቲኬት ቢሸጥም በደልነቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ስሕተት በሌላም ሀገር ታይቷል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖትስ ቤሪ ፋርም የተባለው መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ2016 የአእምሮ ሕሙማንን ማስፈራሪያ ያደረገ ትርኢት ከፍቶ ነበር፤ ተቃውሞ ሲነሣ ዘጋው። የቀትር ጋኔን፣ የወንዝ ዳር ድምፅ፣ ሰው መስሎ የመጣው ጅብ በቂና ከበቂ በላይ ናቸው። ሥራው ሲጀመር ግን በመጀመሪያ ሁለት ሰፊ መውጫ ይበጅ፤ ቀጥሎ የማይነድ ግድግዳ ይቁም፤ ከዚያ በቃኝ ሲባል የሚያቆሙ ተዋናዮች ይሠልጥኑ። ጋኔኑ በመጨረሻ ይምጣ።